የሾላ ሥር ልጋግ

በገላን ስምንተኛው ማማ ጠዋት ጠዋት ሰው የሚጠያየቀው ስለ ጤናው አይደለም። «ውሃችሁ እንዴት አደረ?» ነው የሚባለው። መልሱም ለሁሉም አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥርት ብሎ።» ጠያቂው ይህን የሚሰማው ለወጉ ያህል ነው። ዓይኑ ቀድሞ ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ውስጥ ከተሠራው አኳሪየም ላይ ደርሷል። አኳሪየሙ አንዱ ፊቱ ወደ ሳሎን፣ አንዱ ፊቱ ወደ ኮሪደር ስለሆነ የቤቱ ገመና ከነዓሣው ለአላፊ አግዳሚው የተሰጣ ነው። ሐይቆቹ እየሸሹ ዓሦቹ ለየቤቱ በአደራ ከተከፋፈሉ ወዲህ እንዲህ ነው የሚኖረው። ልጆች ተወልደው አድገውበታል።

ያፌት ሞላልኝ የዚህ ማማ አሳንሰር ተቆጣጣሪ ነው፤ ከሚስቱ ከሶሊያና ጋር ሰባተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ከሕንፃው እድር የተሰረዘ ቤተሰብ አሳንሰር ውስጥ ሲገባ አሳንሰሩ ዝም ብሎ ይቆማል፤ እንዲቆም የሚያደርገው ያፌት ነው። በሱ ጊዜ የተሰረዘች አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ ላይኛው ፎቅ የምትኖር። ከነጉልበት ሕመሟ ደረጃውን ስትወጣ ስትወርድ ከርማ አንድ ቀን ሳትወርድ ቀረች። ለቅሶዋን የደረሰ ሰው የለም፤ ማን ደርሶ ማን ይሰረዛል! ያፌት ሰው ነውና አዝኗል። ቢሆንም ሥራው ሥራ ነው፤ በማግሥቱ አሳንሰሮቹን በሰዓቱ አስነሣቸው።

አባቱ አባባ ሞላልኝ የመጡት ሐምሌ ላይ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝዋይ ዳር ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሐይቁ ወደ መሃል ሸሽቶ ጭቃ ሲሆን፣ ጭቃውም ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ ጀልባቸውን ለጎረቤት ማገዶ ሰጥተው ተነሡ። ሲመጡ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አቅፈዋል። ሶሊያና ፈታችው፤ የሾላ ሥር ነው፣ ጠመዝማዛ፣ ጣት ጣት ያለው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው አባባ?» አለች።

«ታዲያ ልጄ ቤት ባዶ እጄን ልምጣ? ለዓሦቹ ነው። መስታወታችሁ ባዶ ነው ብላችሁኝ የለ። መደበቂያ የሌለው ፍጡር አያሳዝንም?»

ሶሊያና ስጦታ የምትንቅ ሴት አይደለችም፤ ያውም ያማቷን። ሥሩን በትልቁ ድስት ደጋግማ ቀቀለችው፣ አጠበችው፣ መስታወቱ ውስጥ አስቀመጠችው። ዓሦቹ፣ ቆሮሶዎቹ፣ ወዲያው በጣቶቹ መሃል ገብተው ይሽሎኮሎኩ ጀመር። የኮሪደሩ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። «እሰይ! ቤታችሁ ጫካ ሆነ!» ተባሉ። አባባ ሞላልኝ በዚያ ሰሞን ሰው እንዳለፈ ሁሉ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» ሳይሉ አይውሉም ነበር።

ሳምንት እንዳለፈ ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ታየ። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ነበር፤ ቀስ እያለ ሥሩን በሙሉ አለበሰው። የጥጃ ልጋግ የመሰለ፣ ውሃው በተነቃነቀ ቁጥር የሚወዛወዝ ነገር ነው። ሶሊያና ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አኳሪየሙ ጠይቀውት የማይመልሰው ነገር የለም። ያፌት ዝቅ ብሎ ጠየቀው። «አዲስ እንጨት ነጭ ነገር ያበቅላል» አለ መስታወቱ በዚያ በለስላሳ ድምፁ። «የሚያበቅለው እንጨቱ ውስጥ የቀረው ስኳር ነው። ሰውንም ዓሣንም አይጎዳም። ተዉት። ዓሦቹ ይበሉታል፤ ስኳሩ ሲያልቅ በራሱ ይጠፋል።»

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለኮሪደሩ ንገረዋ!» ብላ ጮኸችበት ሶሊያና።

እውነቷን ነው። የሻጋታው ክረምት ያለፈው ያፌት ገና ልጅ ሳለ ነው። እህሉ በየጎተራው ሻገተ፤ ከእህሉ ተነሥቶ ሰው ሳንባ ውስጥ ገባ፤ የገባበትን ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ነጭ ነገር የታየበት ቤት ሁሉ «ምንጭ» ይሰይማል። ምንጭ ማለት ሻጋታውን ወደ ቤቱ ያመጣው ሰው ነው። የተሰየመው ሰው ወደ ማቆያ ይሄዳል፣ ቤቱ ይተርፋል። አልሰይምም ያለ ቤት ደግሞ ከነሰዎቹ ይታሸጋል። አባባ ሞላልኝ ይህን አያውቁም። ሐይቅ ዳር መስታወትም ኮሪደርም አልነበረም።

ሶሊያና ሥሩን አውጥታ በብሩሽ ፈተገችው፤ ብርቱካናማው ቅርፊት እስኪታይ ድረስ። በሁለተኛው ቀን ልጋጉ ከፊተኛው ወፍሮ ተመለሰ። እንደገና ፈተገችው፣ እንደገና መጣ። አውጥቶ እንዳይጣል ደግሞ ሰው አይቶታል፤ ትናንት የነበረ እንጨት ዛሬ ከጠፋ «ምን አይተው ነው የጣሉት?» ይባላል። መጋረጃ ማድረግ ክልክል ነው፤ ባይከለከልም መጋረጃ ያደረገ ቤት ምን እንደያዘ ማን ያጣዋል? ያፌት ጠዋት ጠዋት ሰው በሚበዛበት ሰዓት ጀርባውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ሰው እንደሚጠብቅ ሆኖ ይቆም ጀመር። አባባ ሞላልኝ የልጃቸውን ጭንቀት አይተው ዝም አላሉም። ወንበር አውጥተው፣ ጋቢያቸውን ዘርግተው ለብሰው መስታወቱ ፊት ተቀመጡ።

«አባባ፣ ምነው ደጅ ተቀመጡ?» ይላቸዋል አላፊው።

«ፀሐይ ልሞቅ ብዬ ነው የኔ ልጅ።»

ኮሪደሩ ፀሐይ አይገባውም። ሰው ግን ሽማግሌ አክብሮ ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ ዞር ብሎ ያያል።

እትዬ ማሕሌት የመጡት ዓርብ ነው። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ማማው ውስጥ እሳቸው ያላስቀበሩት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ደግ ሴት ናቸው፣ የታመመ ሳይጠይቁ አያድሩም። አባባ ሞላልኝ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ወንበሩን ለቀቁላቸው። እትዬ ማሕሌት አልተቀመጡም፤ ጋቢው የነበረበትን ቦታ አይተው ወደ ውስጥ ገቡ።

«ያፌትዬ፣ ውሃችሁ እንዴት አደረ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ ማሕሌት፣ ጥርት ብሎ።»

«ተው እንጂ ልጄ» አሉ በሐዘኔታ። «እኔና አንተ እንዋሻሽ?»

ያፌት ወደ ሥሩ ጠቆመ። «እትዬ፣ የእንጨት ልጋግ እኮ ነው! መስታወቱን ራሱን ይጠይቁት። አዲስ እንጨት የገባበት ሁሉ ያበቅላል። ትንሽ ከታገሡት ይጠፋል፣ ማንንም አይጎዳም።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«የኔም አብቅሎ ያውቃል። ሰው ሳያየው አወጣሁት፣ አለቀ።»

«እንግዲያው ለሰዉ ይንገሩልና! እርስዎ ካሉ ማን ይከራከራል?»

እትዬ ማሕሌት ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አይጎዳም ብዬ ተናግሬ ነገ አንዱ ልጅ ቢያስል ወዴት እገባለሁ? ነገር በዓይን ይገባል ያፌትዬ። ሰው አይቶታል። ያየውን ሰው አላየህም ልበለው? እሑድ እድሩ ይሰበሰባል። ምንጩን ሰይሙ፣ ቤታችሁ ይተርፋል።»

«ምንጩማ እንጨቱ ነዋ!» አለች ሶሊያና።

«እንጨት በእግሩ አይመጣም የኔ እመቤት» አሉ እትዬ ማሕሌት፣ በሩ ድረስ ሄደው ዞር ብለው። «ደግሞ አደራችሁን፣ እውነቱን ሰይሙ። በሐሰት የሰየመ ቤት ከእድር ይሰረዛል፤ ምርመራው ነፃ ነው ካለ ጉዱ ያኔ ነው። እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ይህን ብለው ወጡ። ሊገባቸው የሚገባውን ሁሉ ተናግረዋል፤ ካልሰየሙ ይታሸጋሉ፣ ከሰየሙና ሰውየው ነፃ ከወጣ ይሰረዛሉ። ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ተያዩ። ሶሊያና ቀድማ ተናገረች።

«ከማቆያ የተመለሰ ሽማግሌ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለችና ወለሉን አየች። አባባ ሞላልኝ ደጅ ላይ ከአንዲት አላፊ ሴት ጋር ስለ ፀሐይ ሲያወሩ ይሰማል።

እሑድ ግቢው ሞላ። አባባ ሞላልኝ ስብሰባ ይወዳሉ። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። የሌላው ጉዳይ ሁሉ አልፎ የሰባተኛ ፎቅ ተራ ደረሰ። እትዬ ማሕሌት «ያፌት ሞላልኝ፣ ተነሥ ልጄ። ቤትህ የታየው ነገር ምንጩ ማነው?» አሉ።

ያፌት ሌሊቱን ሙሉ ሌላ ንግግር ሲያጠና ነው ያደረው። ስለ እንጨት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ትዕግሥት። ተነሥቶ ሲቆም ያ ሁሉ ሰው ያየው ጀመር፤ ፊት ለፊቱ አሳንሰሩ በሩን ከፍቶ ቆሟል።

«እንጨቱን ያመጣው አባቴ ነው» አለ።

አባባ ሞላልኝ ስጦታቸው በሰው ፊት የተነሣ መስሏቸው ፊታቸው በራ። ብድግ ብለው ለግራም ለቀኝም እጅ ነሡ። «አዎ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት! ከሐይቁ ዳር ነው። ዓሦቹ ወደውታል» አሉ። ማንም አልሳቀም። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። እትዬ ማሕሌት «ተቀብለናል፣ ይቀመጡ አባቴ» አሉ በትሕትና።

መኪናው የመጣው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ያፌት አባቱን ይዞ በአሳንሰር ወረደ። አሳንሰሩ ያን ቀን በጣም ፈጣን ሆነበት፤ እንዲዘገይ ሊያዘው ይችል ነበር፣ አላዘዘውም።

«ሐኪም ቤት ነው ያልከኝ?» አሉ አባባ ሞላልኝ።

«እ... እንደዚያ ነው። አይተው ይለቅዎታል።»

«ምንም አላመመኝ እኮ። ይሁን፣ እናንተን ደስ ካላችሁ ልታይ።» ጋቢያቸውን አጣፉ። «እንጨቱን እንዳትጥሉት፣ እሺ? ሶሊያናም መፈተጉን ትተወው፤ በፈተገችው ቁጥር ነው የሚብሰው። ትንሽ ቻሉት፣ ያልፍለታል።»

«እሺ አባባ።»

«ደግሞ አንተ ከስተሃል። ብላ እንጂ!»

ያፌት እሺ አለ። አባቱ መኪናው ውስጥ ሲገቡ ዘሎ ገብቶ እጃቸውን ይዞ ሊያወርዳቸው አሰበ፤ አሰበና በሩን ዘጋላቸው።

መኪናው ከግቢው ሳይወጣ የእድሩ ጥሩንባ በየግድግዳው ነፋ። «የሰባተኛ ፎቅ የአቶ ያፌት ወላጅ አባት አቶ ሞላልኝ ዐርፈዋል። ድንኳን ግቢ ውስጥ ነው።» የቁም ለቅሶ ይባላል። ድሮ ሰው በሕይወት ሳለ ተዝካሩን ያወጣ የለ? ከዚያ የተወሰደ ነው ይላሉ። ወደ ማቆያ የሄደ ሽማግሌ አይመለስም፤ መቼ እንደሞተም የሚነግር የለም፤ ሬሳም አይሰጥም። እድሩ ታዲያ ሐዘንተኛውን ስንት ጊዜ በጥርጥር ያቆየው? ሲሄድ ማልቀስና መገላገል። መጀመሪያ ሰሞን ነውር ነው ያሉ ነበሩ፤ አሁን ነውሩ ድንኳን አለመትከል ሆኗል።

ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። ሰው ጎረፈ። አባባ ሞላልኝን ከአንድ ክረምት በላይ የማያውቃቸው ጎረቤት ሁሉ ስለ ደግነታቸው የሚያወራው አላጣም። አንዷ «ፀሐይ ልሙቅ ይሉኝ ነበር፣ ውይ አባባዬ!» ብላ ደረቷን መታች። ያፌት ጥቁር ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። በየተራ መጥተው ይጨብጡታል፤ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይሉታል፤ «አሜን» ይላል። እንባ ግን እምቢ አለው። ሰው የአባቱ ሞት አስደንግጦት ነው ብሎ ገመተ። እሱ ግን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሁን ቁርስ ሰጥተዋቸው ይሆን?

በሁለተኛው ቀን ሶሊያና ከላይ ወርዳ ጆሮው ሥር ጎንበስ አለች።

«ጠፋ» አለችው።

«ምኑ?»

«ነጩ። ትናንትና ጀምረው ዓሦቹ ሲግጡት ነበር። ሥሩ ፀድቷል፣ አንድ ነገር የለበትም። አባባ እንዳሉት ነው ያለፈለት።»

ያፌት ቀና ብሎ አያት። እሷ ግን አጎንብሳ የእንግዶቹን ብርጭቆ ትሰበስብ ጀመር። ምን ይደረግ? ድንኳን ተተክሏል።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ። ያፌት የሐዘን መልእክት መስሎት ከድንኳኑ ወጣ ብሎ ከፈተው። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ብቅ አለች፤ ፊቷ በፈገግታ ተሞልቷል።

«የአቶ ሞላልኝ ቤተሰብ ጋ ነው? እንኳን ደስ አላችሁ! ምርመራቸው ወጣ፣ ንጹሕ ናቸው። ከቤታችሁ የተወሰደውም ናሙና ተራ የእንጨት ልጋግ ነው። እንዲህ ያለ መልካም ዜና እኛም ዘንድ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ዛሬ በጣም ነው ደስ ያለን! ማምሻውን መጥታችሁ ትወስዷቸዋላችሁ።»

ያፌት ከኋላው ኮቴ ሰማ፤ እትዬ ማሕሌት ናቸው፤ ውሃ በብርጭቆ ይዘውለት መጡና ጎኑ ቆሙ። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም።

«ማነው ልጄ?» አሉት ቀስ ብለው።

«ቤተሰብ መሆንህን ማረጋገጥ ስላለብኝ ነው» አለች ሠራተኛዋ፣ «ፊታቸውን አይተህ አባቴ ናቸው ካልክ በቂ ነው። ባለቤት ያልተገኘላቸውን ወደ ጨው ሜዳ ስለሚወስዷቸውና ከዚያ የሚመለስ ስለሌለ ነው የምንጠነቀቀው። አባባ፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ!»

አባባ ሞላልኝ ስልኩ ላይ መጡ። ፀጉራቸው ተላጭቷል፣ ጋቢያቸው የለም፣ በሰፊ ሰማያዊ ልብስ ውስጥ አንገታቸው ቀጥኗል። ልጃቸውን ሲያዩ ሳቁ። ከዚያ ከልጃቸው ኋላ ያለውን አዩ፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ነጠላ ያዘቀዘቁትን ሴቶች። ሳቃቸው ጠፋ።

«ውይ! ማን ሞቶብህ ነው ልጄ?» አሉ ደንግጠው። «ሶሊያና ደኅና ናት?»

እትዬ ማሕሌት ብርጭቆውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ወደ ስልኩ አዘነበሉ፤ ከቆሙበት የደዋዩ ፊት አይታያቸውም፣ ድምፁ ግን ይሰማቸዋል። ከድንኳኑ ውስጥ በዚያው ሰዓት አንዲት አልቃሽ ድምጿን ከፍ አድርጋ «የሐይቁ ጌታ፣ ሞላልኝ፣ ሞላልኝ!» ብላ ስታወርድ ሰዉ ተቀበላት።

አባባ ሞላልኝ ስማቸውን ሰሙ። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ልጃቸውን አዩት።

«አባትህ ናቸው አይደል?» አለች ሠራተኛዋ።

ያፌት እትዬ ማሕሌትን አየ። የሚያብረቀርቀውን የአሳንሰር በር አየ። አንድ ቃል ነበረች የምትበቃው። ዋጣት።

«ተሳስታችኋል» አለ። «የኔ አባት ዐርፈዋል። ለቅሷቸው ላይ ነኝ።»

ሠራተኛዋ ግራ ገብቷት ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ? ልጄ ነው ብለው አይደል እንዴ ቁጥሩን የሰጡኝ?»

አባባ ሞላልኝ በሁለት እጃቸው ዓይናቸውን አበሱ። ሲናገሩ ድምፃቸው ምንም አልተለወጠም።

«እውነቱን ነው ልጁ። ዓይኔ ደክሞ ነው የኔ እመቤት፣ ቁጥሩንም አሳስቼሽ ይሆናል። የኔ ልጅ ይሄ አይደለም» አሉ። ወደ ያፌት ቀረብ አሉ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ በሐዘንህ ላይ አስቸገርንህ። አባትህን ነፍስ ይማርልህ። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

«አሜን» አለ ያፌት፤ አፉ ለምዶ ነው።

ስልኩ ተዘጋ። እትዬ ማሕሌት ውሃውን ሰጡት። «ማን ነበር?» ሲሉት «ተሳስተው ነው የደወሉት» አላቸው። ዓይኑን ትኩር ብለው አዩት፤ ያዩትን አይተው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉና «ግባ ልጄ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው» አሉት።

ያፌት ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ቦታው ሳይደርስ መሬት ላይ ወደቀ። «አባቴ! አባዬ! ምን አደረግሁህ!» ብሎ ጮኸ፤ ፊቱን ነጨ፣ ግንባሩን ከአግዳሚው ብረት ጋር አጋጨ። ወንዶቹ ተረባርበው ያዙት። ሶሊያና ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ስልኩን ሲያናግር ከሩቅ ስታየው ነበርና ምን እንደሆነ ገባት። ሴቶቹ እስከዚያ ሰዓት ደረቅ ነው እያሉ ሲያሙት ነበርና አሁን አብረውት ያለቅሱ ጀመር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ተባባሉ። ከመካከላቸው አንዷ አሮጊት እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል አለች።

«ልጅ ማለት እንዲህ ነው» አለች። «ለኔም እንዲህ የሚያለቅስልኝ አያሳጣኝ።»